ተመስጦ (ሜዲቴሽን) የምትሠራ ሴት አትቆጣም ያለው ማን ነው?

ማክሰኞ ዕለት የሆነውን ካልጻፍኩት ከሆዴ አይወጣልኝም።

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከጅማ ፈረንጅ አራዳ ባጃጅ ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ለአንዲት ማኅተም ስመላለስ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ግቢው ጭቃ ሆኗል፤ ሰልፉ ከበሩ አልፎ ደረጃው ላይ ወርዷል። ከፊቴ የቆሙት አዛውንት ከሰቃ ጨቆርሳ ገጠር የመጡ ናቸው። ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው፣ ሰነዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ እንዳይረጥብ ብብታቸው ውስጥ ይዘውታል። 4 ሰዓት ሲሆን መስኮቱ ተከፈተና «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ» ተባልን። አዛውንቱ ምንም አልተናገሩም። ፌስታሉን እንደገና ማጠፍ ጀመሩ። እሳቸው ገና አጥፈው ሳይጨርሱ አንድ ከረባት ያሰረ ሰው በጓሮ በር ገብቶ፣ ወረቀቱ ታትሞና ማኅተም ተመትቶበት ሲወጣ ሁላችንም አየን።

ተናገርኩ። አልጮኽኩም፣ ማንንም አልሰደብኩም። «እህቴ፣ ሲስተሙ ለእሳቸው ጠፍቶ ለእሱ እንዴት ተገኘ? እኚህ አባት ነገ ለመመለስ የመኪና ከየት አምጥተው ይክፈሉ? እባክሽ ኃላፊሽን ጥሪልኝ» አልኳት። ድምፄ ጠንካራ ነበር፤ እጄም ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህን ጊዜ አንዲት የሰፈሬ ሴት ከኋላዬ ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣ ሰልፉ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «አንቺ ሜዲቴሽን እሠራለሁ ትዪ አልነበረም? ታዲያ ይህ ሁሉ ቁጣ ከየት መጣ?» አለችኝ። ሰው ሳቀ። የመስኮቷ ልጅም አብራ ሳቀችና መስኮቱን ዘጋችው። አዛውንቱ ፌስታላቸውን ይዘው ደረጃውን ወረዱ።

ያ ሳቅ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ። ጥያቄዬ ተገቢ ነበር። መልስ ሊሰጠው ይገባ ነበር። በአንድ ዐረፍተ ነገር ግን ጉዳዩ የአዛውንቱና የጓሮ በሩ መሆኑ ቀርቶ የእኔ ጠባይ ሆነ። ይህ ደግሞ የአንድ ቀን ነገር አይደለም። ወንድሜ የተበደረውን ሳይመልስ ስምንት ወር አለፈው፤ ስጠይቀው «ተረጋጊ፣ ለዚህ አይደል በጠዋት የምትቀመጪው?» ይለኛል። ከቤቴ አጠገብ ያለ ሱቅ ድምፅ ማጉያውን ወደ መስኮቴ አዙሮ እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ሲያስጮኽ፣ ልጄ ነገ ፈተና አለባት ብዬ ብለምን፣ መልሱ ያው ነው። በምሠራበት ቦታም የሁለት ሰው ሥራ ለአንድ ሰው ተሰጥቶ ስናማርር፣ ግማሽ ቀን አዳራሽ ውስጥ አስቀምጠው ስለ ጭንቀት አያያዝ አሠለጠኑን። ሥራው ግን እንደ ነበረ ቀረ። የበደለኝ ሰው ሁሉ መረጋጋቴን እንደ ልጓም ሊይዘው ይፈልጋል።

ተመስጦ የጀመርኩት እኮ ለማንም ብዬ አይደለም። የዛሬ ሁለት ዓመት እናቴ ስታርፍ እንቅልፍ ራቀኝ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ልቤ እየደለቀ እነቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ዓይኔ አይከደንም። ያየኝ ሐኪም ከሌላው ምክር ጋር ይህንንም ሞክሪው አለኝ። አባቴ የተወልኝ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ አለ። እሱ ላይ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ የባጃጁ ጥሩምባ ሳይጀምር፣ እቀመጣለሁ። አየር አስገባለሁ፣ ከገባበት ረዘም አድርጌ አስወጣለሁ። ሐሳቤ ወደ ዱቄቱ፣ ወደ ቤት ኪራዩ፣ ወደ እናቴ ይሄዳል። መሄዱን ሳውቅ ወደ ትንፋሼ እመልሰዋለሁ። እንደገና ይሄዳል፤ እንደገና እመልሰዋለሁ። ሥራው ይኸው ነው። አየር ስናስገባ የልብ ምት በጥቂቱ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ይዘገያል፤ ቬገስ የሚባለው ነርቭ ልብን ረገብ የሚያደርገው በዚያን ጊዜ ነው። ትንፋሽን ማርዘም ሰውነትን የሚያሳርፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ጠቅሞኛል፤ ይህን ማንም አያስክደኝም። እንቅልፌ ተመልሷል። ነገር ግን የጠቀመኝ ሰዎች በሚያስቡት መንገድ አይደለም። ቁጣዬ አልጠፋም። የዛሬ ሁለት ዓመት ቢሆን ኖሮ እዚያ መስኮት ላይ ወይ ያቺን ልጅ እሰድባት ነበር፣ ወይ አልቅሼ እወጣ ነበር፤ አዛውንቱንም ጭራሽ አላያቸውም ነበር። ማክሰኞ ግን እጄ መንቀጥቀጡን አወቅኩ፣ አንድ ጊዜ ተነፈስኩ፣ የምናገረውን መረጥኩ። የሰፈሬ ሴት «ቁጣ» ያለችው ያንን ነው። እኔ እንደሚገባኝ ደግሞ ተመስጦው የሠራው እዚያች ቅጽበት ላይ ነበር።

ተመስጦ የሚሠራ ሰው አይቆጣም ለሚለው አመለካከት ጥፋተኛ የምላቸው በየስልካችን «በቀን 10 ደቂቃ ተቀመጡ፣ ጭንቀት ደህና ሰንብት» እያሉ የሚሰብኩትን ነው። ጆን ካባት-ዚን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት በተመስጦ ላይ የተመሠረተ ሥልጠና ሲጀምር ከሕመማቸው ጋር ለዓመታት የኖሩ በሽተኞችን ይዞ ነበር። ሥልጠናው 8 ሳምንት ነው፤ በየቀኑም 45 ደቂቃ ያህል ልምምድ አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ተመራማሪዎች 3,515 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 47 የተመስጦ ሙከራዎች አንድ ላይ አድርገው መረመሩ። ለጭንቀት፣ ለድብርትና ለሕመም መጠነኛ እፎይታ እንደሚሰጥ አገኙ፤ ከመድኃኒት ወይም ከአካል ብቃት እንቅስቃሴ እንደሚበልጥ የሚያሳይ ማስረጃ ግን አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ሌላ ጥናት የጭንቀት ሕመም ያለባቸው 276 ሰዎች ተከፍለው ግማሾቹ ይህንኑ የ8 ሳምንት ሥልጠና፣ ግማሾቹ ኤሲታሎፕራም የተባለውን መድኃኒት ወሰዱ፤ ሥልጠናው ከመድኃኒቱ አላነሰም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አላቃልለውም። የተለካው ግን የሰው ጭንቀት ነው። በደል ሲያይ አፉን የሚዘጋ ሰው ለማውጣት የተሠራ ሥልጠና አይደለም።

ይህን የተረዱልኝ አንዲት ጎረቤቴ ብቻ ናቸው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቡና ላይ ተቀምጠን፣ ቶናው እየተቀዳ፣ የሆነውን ነገርኳቸው። እሳቸው በሕይወታቸው ተመስጦ የሚል ቃል ወጥቷቸው አያውቅም። «ልጄ» አሉኝ፣ «እኔም ከሱብሒ ሶላት በኋላ መቁጠሪያዬን ይዤ ስቀመጥ ልቤ ውሃ ይሆናል። የሰፈሩ ውሃ ሲቋረጥ ግን ሴቶቹን ሰብስቤ የምሄደው እኔው ነኝ። ልቤ ባይረጋማ በምን አቅሜ እሄድ ነበር?» በረካው እስኪመጣ ድረስ እጃቸውን ይዤ ቆየሁ።

አዛውንቱን ደጅ ላይ ተከትዬ ደርሼባቸው ነበር። ሐሙስ እመለሳለሁ ብለውኛል። እኔም ሐሙስ ጠዋት በርጩማዬ ላይ እቀመጥና ባጃጅ ይዤ እሄዳለሁ፤ እሳቸው ማኅተማቸውን ሳያገኙ ከዚያ መስኮት አልነቃነቅም። ማክሰኞ ዕለት ከሳቃችሁት መካከል ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ሐሙስም እዚያ ከሆናችሁ፣ ባለ ከረባቱ ሰው በጓሮ በር ሲገባና ሲወጣ አይታችኋልና፣ «እኛም አይተናል» በሉ።