እርማት፦ «በዘራችን የለም» ስለሚለው ክርክር

ወንድሜ፣ ሐዋሳ ስላለው የእህትህ ልጅ ስትጽፍ «በእናትም በአባትም ወገን የታመመ ስለሌለ የጎሸር በሽታ በዘር አልመጣበትም» ብለሃል። ይህ ስህተት ነው። ጎሸር ስብ የሚፈጭ ኢንዛይም (ሰውነት የሚሠራው ፕሮቲን) ጎድሎ ስቡ ሲከማች የሚመጣ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ በሽታ ነው። በሽታው የሚይዘው ጉድለት ያለበትን ዘረ መል ከሁለቱም ወላጆች የወረሰ ልጅን ነው። ከአንዱ ብቻ የወረሰ ሰው ተሸካሚ ይሆናል እንጂ አይታመምም፤ ስለዚህ ጉድለቱ ሳይታወቅ ብዙ ትውልድ ሊሻገር ይችላል። ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ ከሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ 25 በመቶ ነው። አንዱ ታመመ ማለት ቀጣዮቹ ሦስቱ ዳኑ ማለት አይደለም፤ ይህንንም ብዙዎች ይሳሳቱታል።

ጣፊያ ሲያብጥ አስቀድሞ ወባን መጠርጠር ሐዋሳ ላይ አያስወቅስም። «የዘር ከሆነ መድኃኒት የለውም» ማለትህ ግን ጊዜው አልፎበታል፦ አሜሪካዊው ሮስኮ ብሬዲ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የጎደለውን ኢንዛይም ለየ፤ በ1991 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢንዛይሙን የሚተካው ሕክምና አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ዋጋው ግን አይቀመስም፤ በአንዳንድ ታማሚዎች አንጎል ላይ የሚደርሰውን ጉዳትም አያክምም።