ማስተካከያ፦ በአሜሪካ ኮንግረስ የመጀመሪያው ሙስሊም

ባለፈው ጽሑፋችን ለአሜሪካ ኮንግረስ የተመረጡት የመጀመሪያዋ ሙስሊም ኢልሃን ኦማር ናቸው ብለን ነበር፤ ስህተት ነው። የተወካዮች ምክር ቤት የታሪክ መዝገብ እንደሚያሳየው ቀዳሚው ኪዝ ኤሊሰን ናቸው፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ከሚኒሶታ 5ኛ የምርጫ ክልል ተመረጡ። ኢልሃን በ2018 ያሸነፉት ይህንኑ ወንበር ነው። እሳቸውና የሚሺጋኗ ራሺዳ ትሌብ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊም ሴቶች ናቸው። ጽሑፋችንን ይዞ የጊዜ ሰሌዳ ያዘጋጀ ሰው ታሪኩን 12 ዓመት አዘግይቶታልና ያርመው።

«ኤሊሰን ሕጋዊውን መሐላ በቁርኣን ላይ ፈጸሙ» ያልነውም ይታረም። ሕጋዊው መሐላ አባላቱ በምክር ቤቱ አዳራሽ ቀኝ እጃቸውን አንስተው በአንድነት የሚገቡት ነው፤ መጽሐፍ አያስፈልገውም። ኤሊሰን እጃቸውን በቁርኣን ላይ አድርገው የሚታዩበት ፎቶ የተነሣው ከዚያ በኋላ በነበረው ሥነ ሥርዓት ነው። በእጃቸው የነኩት ባለሁለት ቅጽ ቁርኣን የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የቶማስ ጀፈርሰን የነበረ፣ በ1764 ለንደን የታተመ የእንግሊዝኛ ትርጉም ሲሆን የተገኘው ከኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ነው።