ክረምቱ ጥሩ ነበር፤ ወንዙስ?

ጎጃም ውስጥ የድርቅ ወሬ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ክረምቱ እንዴት ነበር?» ነው። ጥሩ ከነበረ ነገሩ እዚያው ይዘጋል። ከጮቄ ተራራ የሚወርዱት የጨሞጋና የሙጋ ወንዞች ግን መጋቢት ላይ የሚይዙት ውሃ ክረምት መሬት ውስጥ ሰርጎ ቀስ እያለ የሚወጣውን ነው። ዝናቡ ጎርፍ ሆኖ ካለፈ ጥሩ ክረምት ደረቅ መጋቢትን አያስቀርም።

ስለዚህ በዝናብ ብቻ የሚሰላው ኤስፒአይ የሚባለው የድርቅ መለኪያ ለወንዝ አይበቃም። በተለይ የሦስት ወር ዝናብ ደምሮ ከተለመደው ጋር የሚያወዳድረው ስሌት በበጋ ያሳስታል፦ ጥርና የካቲት ላይ የተለመደው ዝናብ ከዜሮ ብዙም ስለማይርቅ፣ አንድ ቀን ያካፋ እንደሆነ ወሩ «እርጥብ» ይባላል። የስድስት ወይም የአሥራ ሁለት ወሩን ማየት ይሻላል።

ወንዙን በራሱ ለመመዘን የየዓመቱን ዝቅተኛ የሰባት ተከታታይ ቀናት አማካይ ፍሰት ማውጣት ነው። ዓመቱን በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 የቆረጠ ሰው አንዱን በጋ ለሁለት ይከፍለዋል፤ የእኛ መስከረም 1 ወንዞች በሞሉበት ወቅት ስለሚውል ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው።

ችግሩ ያለው የወንዝ መለኪያ ጣቢያው መዝገብ ላይ ነው። ጣቢያው ላይ የሚነበበውን የውሃ ከፍታ ወደ ፍሰት የሚለውጠው ቀመር ውሃው ሲያንስ በቀላሉ ይሳሳታል። ነሐሴ ላይ ሦስት ሜትር ለሞላ ወንዝ የሦስት ሳንቲም ስህተት ምንም አይደለም፤ መጋቢት ላይ ሃያ ሳንቲም ለቀረው ግን ቁጥሩን ያበላሻል። ጎርፍ አሸዋውን ባዛወረ ቁጥር ደግሞ ቀመሩ ያረጃል። በየዓመቱ የካቲትና ሚያዝያ ላይ ወንዙ ውስጥ ገብቶ መለካት ግድ ነው።

መሣሪያ ከሌለም ይቻላል። ስፋቱ 4 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 25 ሳንቲም የሆነ ቀጥ ያለ ቦታ ይመረጥ። ተንሳፋፊ እንጨት 10 ሜትሩን በ25 ሰከንድ ከጨረሰ የላዩ ፍጥነት በሰከንድ 0.4 ሜትር ነው። ታች ያለው ውሃ ስለሚዘገይ በ0.85 ሲባዛ 0.34 ይሆናል፤ ስፋቱ በጥልቀቱ ሲባዛ ደግሞ 1 ካሬ ሜትር ስለሆነ ፍሰቱ በሰከንድ 340 ሊትር ነው።

አሁን ከላይ በኩል እያንዳንዳቸው በሰከንድ 10 ሊትር የሚስቡ አሥር የውሃ ሞተሮች ይነሱ። 100 ሊትር ሄደ፤ ከሲሶው ብዙ አይጎድልም። ይህን ድርቅ ብሎ መመዝገብ ስህተት ነው፤ ጠለፋ ነው። ጠዋትና ማታ ብቻ የሚነበብ ጣቢያ ደግሞ ሞተሮቹ ቀን ሠርተው ሌሊት ካረፉ ጠዋት የሚያገኘው ያገገመውን ወንዝ ነው። እኩለ ቀን ላይ የቀነሰውን አያየውም።

የጣቢያ አንባቢው ቅጽ ላይ ከከፍታው ጎን አንድ ዓምድ ቢጨመር ትልቅ ነገር ነው፦ «ከላይ ስንት ሞተር ይሠራል?» የሚል። በየቦዩ ተራ የሚያስጠብቁት የውሃ አባቶች ቁጥሩን ዛሬም ቢጠየቁ ይናገራሉ።