ለበንከም የተደረገ ንግግር

አሜሪካኖች ለማይረባ ወሬ ካሏቸው ያረጁ ቃላት እኔ የምወደው «በንከም» የሚለውን ነው። ወጣቱ ትቶታል። ዜና እያዩ ከሚበሳጩ አዛውንቶች አፍ ግን አልፎ አልፎ ይሰማል። የሐሰት ወሬን ማጋለጥ ሲሆን ዛሬ ሁሉም የሚለው «ዲበንክ» የዚሁ ቃል የልጅ ልጅ ነው።

ለቃሉ መነሻ የሆነው ነገር የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1820 ነው። ሚዙሪ ባርነት የተፈቀደባት ግዛት ሆና ወደ ኅብረቱ ትግባ አትግባ ሲባል ምክር ቤቱ በክርክር ከርሟል። ድምፅ ሰጥተን እንገላገል በሚባልበት ሰዓት የሰሜን ካሮላይናው እንደራሴ ፌሊክስ ዎከር ለንግግር ተነሳ። በቃህ ቢሉት፣ ቢለምኑት፣ ወይ ፍንክች! የምናገረው ለበንከም ነው አላቸው። በንከም እሱን ከመረጡት አውራጃዎች አንዱ ነው፤ ዛሬ አሽቪል ከተማ ያለችበት። እዚያ አዳራሽ ያለው ሰው ሰማው አልሰማው ግድ አልነበረውም።

ልማዱም አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ1984 አፈ ጉባኤው ቲፕ ኦኒል የቴሌቪዥን ካሜራው ከተናጋሪው ላይ ተነስቶ አዳራሹን እንዲያሳይ አዘዙ፤ ወንበሩ ሁሉ ባዶ! ለባዶ ወንበር የሚናገረው እንደራሴ ደግሞ ሮበርት ዎከር ይባላል። ይኼ የስም ነገር ሁልጊዜ ያስቀኛል።

እኛ ዘንድስ? አገር ቤት ስለ ውኃ መቋረጥ በተጠራ ስብሰባ ላይ «ዕድሉን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ» ብሎ የተነሳ ሰው ከዓድዋ ይጀምራል፤ ዓይኑ መድረክ ላይ ከተቀመጡት ኃላፊዎች አይነቀልም። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ደግሞ ስለ እድር መዋጮ ልንነጋገር ተሰብስበን፣ ተናጋሪው ለተደገነው ስልክ «ውድ ተመልካቾቻችን» ይላል። ፊት ለፊቱ የተቀመጡት እናቶች ማንን እንደሚያናግር ግራ ገብቷቸው ዞር ዞር ይላሉ። ልዩነቱ፣ ዎከርን ጥሎ መውጣት ይቻል ነበር። አገር ቤት አበል የሚከፈለው ስብሰባው ሲያልቅ ነው።

እንዲህ ያለውን ንግግር እኛ «ፍሬ ከርስኪ» እንላለን። ሐረጉ እኮ ከአባታችን ሆይ አስከትለን በምንደግመው የእመቤታችን ጸሎት ውስጥ ያለ፣ «የማኅፀንሽ ፍሬ» ማለት የሆነ ግዕዝ ነው። እሱ ምን በደለ? የበንከም ሰዎችን እንኳ ያሰደባቸው ራሳቸው የመረጡት ሰው ነው።