እባካችሁ 1 ጊጋ ራም ላይ ዊንዶውስ 10 መጫን አቁሙ!

ፒያሳ ሂዱ፣ ሜክሲኮ ሂዱ፣ ስታዲየም ዙሪያ ዙሩ፤ የብዙው ኮምፒውተር ጥገና ቤት አመል አንድ ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ሲገባ ራሙ ስንት ነው፣ ፕሮሰሰሩ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ፍላሹ ይሰካል፣ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ 10 ይጫናል፣ ሂሳብ ይከፈላል። ቤት ሲደርስ ገና ሳይከፈት ቡና ይፈላል። ቅሬታ ይዞ ለተመለሰ ሰው ደግሞ መልሱ «እቃው አርጅቷል፣ ሌላ ግዛ» ነው። በጣም ያናድዳል! እቃው ደህና ነው፤ አቅሙን ያላገናዘበ ሲስተም ነው የተጫነበት።

ማይክሮሶፍት ለ32 ቢቱ (ለድሮው ዓይነት) እትም 1 ጊጋ፣ ለ64 ቢቱ (ለአዲሱ) 2 ጊጋ ይበቃል ያለው እንዲነሳ ያህል ነው። ራሙ ሲሞላ ሲስተሙ የተረፈውን ሃርድ ዲስክ ላይ ያራግፋል፤ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር ዲስክ ደግሞ ያን ፍጥነት አይችለውም። «ስታክ አደረገ» የምንለው ያኔ ነው። በዚያ ላይ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል።

«ሊኑክስ ጫንበት» (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነጻ ሲስተም ነው) ብሎ የሚያልፈውም አልረዳም። የትኛውን? ዓይነቱ ብዙ ነው። ኡቡንቱ ለዴስክቶፕ 32 ቢት ማውጣት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ዴቢያን 13ም የ32 ቢት መጫኛ የለውም፤ የመጨረሻው 12 ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ማይ ኮምፒውተር ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ከዚያ ፕሮፐርቲስ ብላችሁ የፕሮሰሰሩን ስም አንብቡ። አቶም ኤን270 ከሆነ 32 ቢት ብቻ ነው፤ ኮር 2 ዱዎ ከሆነ 64 ቢት ይችላል። በዊንዶውስ 7 «ሲስተም ታይፕ» የሚለው መስመር እንዳያሳስታችሁ፤ የሚናገረው ስለተጫነው ዊንዶውስ ነው።

ለ32 ቢትና ለ1 ጊጋ አንቲኤክስ የሚባለውን ሊኑክስ ውሰዱ። ዴስክቶፑ ተከፍቶ ወደ 200 ሜጋባይት ራም ነው የሚይዘው። ራስ ምታቱ ብራውዘሩ ነው፤ አንድ የፌስቡክ ታብ ብቻውን ከሲስተሙ በላይ ይበላል። ክሮም ለ32 ቢት ሊኑክስ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ የለም፣ ፋየርፎክስም ከ145ኛው እትም ጀምሮ ትቶታል፤ ቀሪው የፋየርፎክስ 140 ኢኤስአር (ረዘም ያለ ድጋፍ የሚያገኘው እትም) ነው። ታብ ከሁለት አታስበልጡ፣ ማስታወቂያ የሚያግደውን ዩብሎክ ኦሪጅን ጨምሩበት። ከተገኘ ራሙን ወደ 2 ጊጋ አሳድጉ፤ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

መጫኛ ፍላሹን ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ስታዘጋጁ ከዲስክ አከፋፈል ምርጫዎቹ የድሮውን ኤምቢአር ምረጡ፤ አዲሱን ጂፒቲ ከመረጣችሁ የድሮው ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ከፍላሹ ላይነሳ ይችላል። የላፕቶፑ ባትሪ ሞቶ ከሆነ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት መጫን አትጀምሩ፤ መሀል ላይ ከጠፋ ከዜሮ ነው። ፋይላችሁንም አስቀድማችሁ ሌላ ቦታ ገልብጡ። የአማርኛ ፊደል ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታያችሁ የአቢሲኒካ ፎንት ጫኑ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁሉም ድረ ገጽ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ አልከፈት ካለ ቀኑን እዩ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ትንሽ ባትሪ ሲሞት ሰዓቱ ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል፣ ሰርተፊኬቶቹም ውድቅ ይሆናሉ። አብዛኛውን ጊዜ 2032 የሚባለው ክብ ባትሪ ነው። ቀይሩት፣ ቀኑን አስተካክሉ። ለዚህ ፎርማት ብሎ የሚያስከፍል ካለ አትክፈሉ።