ማስተካከያ፦ ባሕሩ የሚሞላው በሙሉ ጨረቃ ብቻ አይደለም
ሜሪላንድ፣ ኦሽን ሲቲ ዓሣ ለማጥመድ ለምትወጡ ባለፈው በጻፍኩት ላይ ሁለት ስሕተት አለ። «ባሕሩ በጣም የሚሞላው ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ነው» ብዬ ነበር። ጨረቃ ጭራሽ በማትታይበት ሰሞንም እንደዚያው ይሞላል። በሁለቱም ጊዜ ፀሐይ፣ ምድርና ጨረቃ በአንድ መስመር ግድም ስለሚሆኑ የፀሐይና የጨረቃ ጉተታ በባሕሩ ላይ ይበረታል። በግማሽ ጨረቃ በሞላውና በጎደለው ውኃ መካከል ያለው ልዩነት ይቀንሳል።

«ቅዳሜ በሞላበት ሰዓት እሑድም ይሞላል» ያልኩትም ልክ አይደለም። በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ስለዚህ ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ለምትሄዱበት ቀንና ቦታ እዩት።

ደግሞ ሠንጠረዡ የዕለቱን ነፋስ አያውቅም። ከባሕር ወደ የብስ የሚነፍሰው ሲጠነክር ውኃው ከተገመተው በላይ ይወጣል። ድንጋይ ላይ ቆማችሁ የምታጠምዱ፣ እባካችሁ የአየር ትንበያውን ሳታዩ አትውጡ። በእኔ ጽሑፍ ለተጉላላችሁ ሁሉ ከልብ ይቅርታ።