ስክሪኑ ጉድለት ያለበት አዲስ ታብሌት አይጠገንም፤ ይመለሳል

በአዲስ አበባ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ የተለመደ ነው። አንዱ ደረሰኙ ላይ ያትመዋል፣ ሌላው ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። ገዢው አንብቦ ዝም ይላል። ቤቱ ገብቶ አዲሱን ታብሌት ሲከፍት መሃል ስክሪኑ ላይ የማይጠፋ አረንጓዴ ነጥብ ያያል እንበል። ወይም ጣት ቢነካው የማይሰማ ቦታ ያገኛል። ያኔ «ዕድሌ ነው» ብሎ ይተወዋል፣ ካልተወውም ወደ ጠጋኝ ይሮጣል። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ካርቶኑ ዛሬ የተከፈተ ዕቃ ምን ጥገና ያስፈልገዋል? መመለስ ነው ያለበት።

ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ሻጩ ከዚህ የተሻለ ዋስትና ሰጥቶ ከሆነ ሸማቹ በተሻለው ይጠቀማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። ከገዢው ደግሞ ዕቃውን ቶሎ መመርመርና ጉድለቱን ሳይዘገይ ማሳወቅ ይጠበቃል። ስለዚህ ያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ቀለሙን አልወደድኩትም» ብሎ ለሚመጣ ሰው ይሠራ ይሆናል። ለተበላሸ ዕቃ ግን መልስ ሊሆን አይገባም።

15 ቀን ቶሎ ያልፋል። በተለይ ታብሌቱ ለልጅ ልደት ወይም ለትምህርት መክፈቻ ተብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ። የኔ ምክር ሱቁ ውስጥ እዚያው አብሩት ነው። ባለሱቁ «ታሽጎ ቢሄድ ይሻላል» ቢል እሺ አትበሉ። ደግሞ ከመፈተሻችሁ በፊት ፕሮቴክተር አያስለጥፏችሁ። ፕሮቴክተር ሲለጠፍ ትንሽ ጭረትና ነጥብ ከሥሩ ይደበቃል፣ በኋላ ሲታይም «ስትለጥፉት ነው የመጣው» ወደሚል ክርክር ይገባል።

ፍተሻው ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው። ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ምስሎችን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡና ወደ ታብሌቱ ላኩ። አንድ በአንድ ስክሪኑን ሞልታችሁ ክፈቱ። ነጩ ላይ ጥቁር ሆኖ የሚቀር ነጥብ የሞተ ፒክስል (ምስሉን ከሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች አንዱ) ነው፤ ብርሃን አያሳልፍም። ጥቁሩ ላይ ቀይ ወይም አረንጓዴ ሆኖ የሚበራ ነጥብ ደግሞ አንድ ቀለም ላይ ተጣብቆ የቀረ ነው። ቀጥሎ አንድ የመተግበሪያ ምልክት በጣት ይዛችሁ ከዳር እስከ ዳር፣ ከላይ እስከ ታች ጎትቱት። መንገድ ላይ ከጣታችሁ የሚያመልጥ ከሆነ፣ በዚያው ቦታ ላይ ደግማችሁ ሞክሩት። ሁልጊዜ እዚያው የሚቋረጥ ከሆነ ተቹ፣ ማለትም የጣት ንክኪ የሚቀበለው ክፍል፣ ችግር አለበት። ይህን ስታደርጉ ቻርጀር ላይ አይሁን። ርካሽ ቻርጀር የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ረብሻ ተቹን ሊያዘልለው ይችላል፣ ያኔ ጥፋቱ የስክሪኑ ላይሆን ይችላል።

ከጠርዝ ስለሚወጣ ብርሃን ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ኤልሲዲ ስክሪን ከኋላው መብራት አለው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋችሁ ጥቁር ምስል ካያችሁ፣ ጥግ ላይ ትንሽ ጭጋግ አይጠፋም። ለዚያ ብሎ ሱቅ መመለስ አይመስለኝም። ማታ ፊልም ስታዩ ዓይናችሁን የሚስብ ደማቅ ቦታ ከሆነ ግን ጉድለት ነው፣ አትለፉት።

«አንድ ነጥብ ምን ችግር አለው? ካምፓኒው ይፈቅዳል» የሚሉ ሻጮች አሉ። ከፊል እውነት አላቸው። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣውና ብዙ አምራቾች ሲጠቅሱት የኖሩት ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ አይኤስኦ 13406-2፣ ስክሪኖችን በደረጃ ይከፍል ነበር። በሁለተኛው ደረጃ ለአንድ ሚሊዮን ፒክስል 2 ሁልጊዜ የሚበሩ፣ 2 ሁልጊዜ የጨለሙ፣ 5 ደግሞ ከፊል ብልሽት ያለባቸው ነጥቦች ይፈቀዱ ነበር። 1920 በ1200 የሆነ የተለመደ የታብሌት ስክሪን ወደ 2.3 ሚሊዮን ፒክስል አለው። በዚያ ሒሳብ አራት የሚበሩና አራት የጨለሙ ነጥቦች ይዞ «ደህና ነው» ሊባል ይችላል ማለት ነው። መስፈርቱ በ2008 እ.ኤ.አ. በአዲስ ቢተካም፣ በደረጃ መፍቀዱ ቀጥሏል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው አይፓድ ሚኒም ሌላ ምሳሌ ነው። ጽሑፍ ወደ ላይና ወደ ታች ሲንሸራተት የስክሪኑ አንድ ወገን ከሌላው ዘግየት እያለ ጽሑፉ ይጣመም ነበር። አፕል የሰጠው መልስ የኤልሲዲ ስክሪን የተለመደ ባሕርይ ነው የሚል ነበር።

እኔ ከዚህ የምረዳው፣ የአምራቹን ዋስትና ብቻ ተማምኖ መቀመጥ እንደማይበጅ ነው። ዋስትናው የሚመዘነው በአምራቹ ሚዛን ነው። ሙሉ ዋጋ የከፈለ ሰው ግን ከሱቁ እንከን የሌለበትን የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው።

«ስክሪን እንቀይርልሃለን» የሚለውን ማባበያም አትቀበሉ። የብዙ ታብሌቶች መስታወትና ማሳያ አንድ ላይ የተጣበቁ ናቸው። ለመክፈት ጠርዙ ይሞቃል፣ በቀጭን ነገር ይፈለቀቃል። ገበያ ላይ የሚገኘው ምትክ ብዙ ጊዜ ኮፒ ነው፤ ብርሃኑም ቀለሙም ከኦርጅናሉ ያንሳል። አንዴ ሌላ እጅ ከከፈተው በኋላ ደግሞ ዋስትና ለመጠየቅ አፍ አይኖራችሁም። ነጥቡን በጨርቅ እያሹ «ለማስነሳት» መሞከርም እንዲሁ ነው። የተጣበቀ ፒክስል አንዳንዴ ይነሳል፤ የሞተው አይነሳም። መጫኑ ግን በጎኑ ያለውንም ሊጎዳ ይችላል።

ትልቁ ችግር ደረሰኝ ነው። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ ይቀንሳል» ሲባል 15 በመቶው ቫት ይታየንና ደስ ይለናል። በዚያ ቅናሽ የምንሸጠው ማስረጃችንን ነው። ከየት እንደተገዛ፣ መቼ እንደተገዛ የሚያሳይ ወረቀት የሌለው ሰው በ15 ቀኑ ምን ያደርገዋል?

ውጭ ላላችሁ ዘመዶቻችንም አንድ ነገር ልበል። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ታብሌት ገዝታችሁ ስትልኩ፣ ስጦታ ነው ብላችሁ እንደታሸገ አታቆዩት። እዚያው ክፈቱት፣ እዚያው ፈትሹት። የአፕል ሱቅ መመለሻ ጊዜ በተለምዶ 14 ቀን ነው። በእንግሊዝ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የሸማቾች ሕግ ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ30 ቀን ውስጥ መልሶ ገንዘብ መቀበልን ይፈቅዳል። በአውሮፓ ኅብረት የሻጩ ኃላፊነት ቢያንስ 2 ዓመት ነው። ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ቦሌ ከደረሰ በኋላ ግን ይህን ሁሉ መብት መጠቀም ከባድ ነው። እናት ልጇ የላከላትን ዕቃ «ተበላሽቷል» ብላ ለመንገር ታፍራለች፣ ዝም ብላ ትጠቀምበታለች። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ለትናንሽ ባለሱቆችም አዝናለሁ። ዕቃውን ያመጡት መርካቶ ካለ አከፋፋይ ነው። አከፋፋዩ አልቀበልም ካለ ኪሳራው የእነሱ ይሆናል። ያንን ኪሳራ መሸከም ያለበት ግን ሸማቹ አይደለም። ባለሱቁ ከአከፋፋዩ፣ አከፋፋዩም ከአስመጪው ጋር ጉድለት ያለበትን ለመመለስ አስቀድመው ይዋዋሉ።

ሱቁ እምቢ ካለ ከተገዛበት ቀን ጀምራችሁ የሆነውን ጻፉ። ጉድለቱን የሚያሳይ ቪዲዮ፣ ደረሰኙንና የሴሪያል ቁጥሩ ያለበትን ካርቶን ይዛችሁ ወደ ክፍለ ከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። አቤቱታውን በጽሑፍ አስገቡና የገቢ ቁጥሩን ተቀበሉ።